ከአጎዛው ሥር የነበረችው የሲጋር ሣጥን

ባለቤቴ ይርዳው የመጀመሪያዋን የሲጋር ሣጥን ይዞ የገባ ዕለት ማጨስ ጀመረ ብዬ ነበር። ሲጋር ማለት ያ እንደ አውራ ጣት የወፈረው፣ በራሱ ቅጠል የሚጠቀለለው ትምባሆ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያጨሰው ሰው አላውቅም። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ግን ሲኒማ ውስጥ አይቻለሁ፤ የሚያጨሱት ሰዎች ሁሉ መጨረሻቸው አላማረም።

«ባዶ ናት» አለኝ ክዳኗን ከፍቶ እያሳየኝ።

«ውስጧ የነበረውስ?»

«ጣልያን ሳይገባ ተጨሶ አልቋል፣ የሺ። እኔ ያኔ ጡት አልጣልኩም።»

ሣጥኗን አሸተትኩ፤ ጽድ ጽድ ትላለች። ቀጥዬ ሸሚዙን አሸተትኩ፤ ናፍጣ ብቻ። ይርዳው የከተማውን የመብራት ሞተር የሚያስነሳ መካኒክ ስለሆነ ናፍጣ ሸተተ ማለት ደህና ነው ማለት ነው። ትንሽ ተረጋጋሁ። ግን ምንም ሱስ የሌለበት ባል አንድ ቀን የሆነ ሱስ ይዞ ይገባል ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁና፣ ይኸው መጣ አልኩ በልቤ።

ሣጥኗን ያገኛት ከየሱፍ ሱቅ ነው። የሱፍ ገበያው ዳር ጨርቅና ክር ይሸጣል። ይርዳው ለሸሚዙ ቁልፍ ሊገዛ ይሄድና፣ የሱፍ ቁልፎቹን ከሣጥን ውስጥ ሲያወጣ ያየዋል። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ማን አየው። ክዳኗ ላይ የተኛ አንበሳ አለ፤ ጠርዟ ሁሉ የወርቅ ቀለም ባለው ወረቀት ተሸልሟል፤ መዝጊያዋ እንደ ጥርስ ያነሰች ናስ ናት። የሱፍ ቁልፎቹን ሳሕን ላይ ገልብጦ ሣጥኗን ሰጠው። ይርዳውም ቁልፉን ረስቶ መጣ፤ ያ ሸሚዝ እስከ ፋሲካ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ከረመ።

በማግሥቱ የየሱፍ ሚስት ሩቅያ መጣች። ሩቅያን በመሠረተ ትምህርት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፊደል ከቆጠረች ወዲህ እኔን መተረብ መብቷ ሆኗል።

«አንቺ የሺ፣ የሱፍ እኮ ባዶ ሣጥን የሚወድ ሰው ካለ ብሎ ጓዳዬን ሲያተራምሰው ዋለ።»

«ተዪ፣ አታበረታቱብኝ።»

«ምን አለበት? የሰው ባል ውሽማ ይሰበስባል፣ ያንቺው ሣጥን።»

«በሣጥን ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ምን አውቄ።»

«መደርደሪያ ላይ ነዋ የሚያልቅ።»

ሁለተኛዋ ከወንዛዬ መጣች። ወገቤን አሞኝ ፍል ውሃው ይዞኝ ሄዶ ነበር። እኔ ውሃው ይልጠኛል፣ ድንጋዩ ያንሸራትተኛል እያልኩ ስነከር፣ እሱ ውጭ አንድ የይፋግ ነጋዴ ሳሙናውን በሲጋር ሣጥን ይዞ ያገኛል። ስወጣ ሣጥኗን በእጅ ባትሪያችን ለውጧታል። ባትሪውን መንገድ ላይ ቢመሽብን ጅብ እንዳይበላን ብዬ ያስያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛዋን ለሞተሩ መለዋወጫ ጎንደር ሄዶ ከአንድ ኩባዊ ሐኪም ተቀብሎ መጣ። ይችኛዋ ነበረች በእውነት ያስፈራችኝ። ጊዜው ሰው በማያውቀው ነገር የሚጠየቅበት ነው። መደርደሪያችን ላይ ደግሞ አንበሳ አለ፣ ዘውድ አለ፣ የማናነበው የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። «አድኃሪ ቢሉንስ?» ብዬ አንበሳውን በመጋረጃ ጫፍ እሸፍነው ነበር። የፈራሁት አልቀረም፣ የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ጌጡ ስለ ስብሰባ ሊነግረን መጣና ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ ይርዳው?»

«ሣጥን ነው። ያችኛዋ የኩባ ናት።»

ጓድ ጌጡ ሣጥኗን በሁለት እጁ አንሥቶ እንደ ሕፃን ያዛት። «የጓዶቻችን» አለ። ከዚያ አገላብጦ አይቶ፣ «ሌላ ቢደርስህ ለእኔም» ብሎ ወጣ። እኔ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎኝ የሰነበተው በከንቱ ሆነ።

አራተኛዋ ናት የዚህ ሁሉ ታሪክ ባለቤት። ይርዳው ጋፋት ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ፈንታነሽ የምትባል ገበሬ የጎመን ዘር ታስቀምጥባት የነበረችውን በአዲስ ቆርቆሮ ለውጦ አመጣት። ክዳኗ ላይ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። በእጇ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዘንግ ይዛለች። ከራሷ ኋላ ቢጫ ፀሐይ ክብ ሆኖ ወጥቷል፤ በግራ በቀኟ የወርቅ ሜዳሊያ ተደርድሯል። ይርዳው ወረቀቷ እንዳይላጥ በላባ ነበር የሚጠርጋት። እኔን እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ ነክቶኝ አያውቅም።

እንግዲህ ሣጥኖቹ አራት በሆኑበት በዚያው ጥቅምት ነው ልጃችንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡት። ታንጉት አንዲት ልጃችን ናት፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ከዚያ በፊት የመጡትን ሁለት ጠያቂዎች እምቢ ብላ መልሳለች። ይፋግ የሚያስተምረውን ካሳሁንን ግን ራሷ ወዳዋለች። «እማዬ፣ ይሄኛው ከቀረ ሌላ አታምጡብኝ» ብላኛለች። ሲጠሯት በማትሰማ ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ እናት ለታቦት ትሳላለች።

ችግሩ ካሳሁንን ያሳደጉት አያቱ ቄስ ደምሴ መሆናቸው ነው። ቄስ ደምሴ ደግ ሰው ናቸው ይባላል፣ ትምባሆን በሚመለከት ግን ምሕረት የላቸውም። በእኛ አገር ትምባሆ የበቀለችው ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ይህን በየሰንበቱ ሳያስተምሩ አይውሉም አሉ። ጎረቤታቸውን አቶ ካሳውን ሱረት፣ ያን በአፍንጫ የሚሳበውን የትምባሆ ዱቄት፣ ሲስብ አግኝተው በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት አሸክመውታል። ሲጋራ በሚጨስበት ቤት ጠበል አይረጩም። እኛ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ የትምባሆ ሣጥን ደርድረናል።

የመጀመሪያው ቀን ደጅ ላይ ቆመው ጥያቄያቸውን ተናግረው ነው የተመለሱት። እኛም እንደ ደንቡ ዘመድ እናማክር ብለን ለኅዳር፣ ጾሙ ሳይገባ ላለችው እሑድ ቀጠርናቸው። በዚያች እሑድ ግን ወደ ቤት ይገባሉ።

«ሣጥኖቹ ሩቅያ ቤት ይሂዱ» አልኩት ይርዳውን።

«ባዶ ሣጥን ምን ያደርጋቸዋል?»

«ልጅህ ቆማ ትቀራለች፣ ሌላ ምን ያደርጋሉ።»

ቅዳሜ ሦስቱን ተሸክሞ ሄደ። አራቱንም የወሰደ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋን ግን የሩቅያ ልጆች ወረቀቷን ይልጧታል ብሎ ሰስቶ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ላይ አኑሮ አጎዛ አልብሷታል። ኋላ ስጠይቀው ያሰበውን ነገረኝ፤ ሞኝነት ነው እንዳልል ነገሩ ልክ ነበር። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ ቢሞት አይቀመጥም። ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይለምናል። እሺ ሲባል እሱ ቀደም ብሎ አጎዛውን አነጥፋለሁ ብሎ ሣጥኗን ሊያነሣ ነው። ያላሰበው እኔን ብቻ ነው።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ቄስ ደምሴ፣ ያ ባለ ሱረቱ አቶ ካሳው፣ ሦስተኛው ብዙም የማይናገር የካሳሁን አጎት። ታንጉት ከመጋረጃው ወዲያ ሆናለች፤ እግሯን ከታች አየዋለሁ። ቄስ ደምሴ ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ በመቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌ ናቸው። ከይፋግ ድረስ በጭነት መኪና ነው የመጡት። ንግግራቸውን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ወደ ይስሐቅ ሲደርሱ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

የእኔ ልብ መቼም ክፉውን ነው የሚያስቀድም። እኚህ ሰው እዚህ ወድቀው ቢሞቱስ? የልጄ ሠርግ በለቅሶ ሊለወጥ ነው። ርብቃ ጋ ሳይደርሱ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባ፣ እባክዎ ይረፉ። እንደ ተቀመጡ አንቆጥረውም።»

«የለም ልጄ፣ ደንብ አይፈርስም።»

«ለእግርዎ ብቻ። ይኸው አነጥፍልዎታለሁ።»

ይርዳው «የሺ» አለ። አጠራሩ እሳት ነክቶት የሚጮህ ሰው አጠራር ነበር፤ እኔ ግን አጎዛውን ላራግፈው ብድግ አድርጌዋለሁ።

ሰማያዊ የለበሰችው ሴት ወደ ሰማይ እያየች መደቡ ላይ ተጋድማለች።

 እኔ አጎዛውን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ። ከመጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄዱ አየሁ። ቄስ ደምሴ መቋሚያቸውን ለአቶ ካሳው ሰጡ። ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ሣጥኗን አነሡ። ግንባራቸውን አስነኳት፤ ከዚያ ሳሟት።

«አርሴማ» አሉ። «እናንተም ቤት አለች?»

እግዜር ይመስገን አልኩ በልቤ። ቅድስት አርሴማ መስላቸዋለች። ቅጠሉን የሰማዕታት ዘንባባ፣ ፀሐዩን አክሊለ ብርሃን አድርገውታል።

«እኛ ዘንድም አለች» ቀጠሉ። «ዕጣን አኖርባታለሁ። ባለቤቴ ጧት ጧት ሳትሳለማት ውሃ አትቀምስም። በሁለት ቤት አንዲት ቅድስት፤ ምልክት ማለት ይህ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ቢባል ኖሮ ነገሩ አለቀ። ልጄም ተዳረች፣ እኔም ተገላገልኩ። ግን ሰብሳቢ የሚባል ፍጥረት ሌላ ሰው ዘንድ ሣጥን አለ ሲባል ልቡ አይቆምም።

«አባ» አለ ይርዳው፣ ዓይኑ በርቶ፣ «የእርስዎዋ ልብሷ ሰማያዊ ነው ወይስ ቀይ?»

«ቀይ።»

«ቀይ? ቀዩዋ እኮ የምትገኝ አይደለችም። የናስ መዝጊያዋስ ደህና ነው? ያን ጊዜ ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ነበር የሚያወጣው ብሎኛል ኩባዊው...»

ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ።

«የምን ፋብሪካ?» አሉ ቄስ ደምሴ።

ይርዳው እኔን አየኝ፣ መጋረጃውን አየ። በዓይኔ ለመንኩት። ባሌን ዐውቀዋለሁ፤ ሞተሩ በእሱ ጥፋት የቆመ ለት እንኳ ለከተማው ሁሉ እኔ ነኝ የሚል ሰው ነው።

«የሲጋር ፋብሪካ ነው፣ አባ» አለ ቀስ ብሎ። «አርሴማ አይደለችም። ትምባሆ የሚሸጡባት ሣጥን ናት። የያዘችውም ዘንባባ ሳይሆን የትምባሆ ቅጠል ነው። እኔ አላጨስም፣ ሣጥን እሰበስባለሁ። ሲሳለሟት ዝም ማለቱ ግን ከበደኝ።»

ቄስ ደምሴ ሣጥኗን ከከንፈራቸው አራቋት፤ ግን አልጣሏትም። መጀመሪያ ድምፅ ያሰማው አቶ ካሳው ነው። መቋሚያውን እንደያዘ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አባ፣ ለአንዲት ቁንጥር ሱረት እኔን አርባ አርባ ሲያሰግዱኝ ቤትዎ ሣጥን ሙሉ ነበረ?»

«ዝም በል፣ ካሳው።»

«ዝም ያልኩት ድሮ ነው።»

«አባቴ ናቸው ያገኟት» አሉ ቄስ ደምሴ፣ ከእኛ ይልቅ ለሣጥኗ የሚናገሩ ይመስል። «ጣልያን ጥሎት ከሸሸው ሰፈር። ፈረንጅኛ ከየት ያውቃሉ። ብርሃን የከበባት ሴት አዩ፣ አርሴማ ናት አሉ። እኛም አርሴማ ናት አልን።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ጌጤ ይህን ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ጌጤ ባለቤታቸው ናቸው።

«ምን ትልዎታለች» አለ አቶ ካሳው። «ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር በቀለች ብለው ያስተማሯት እርስዎ። ሣጥኑን ሳሚው ያሏትም እርስዎ። አሁን ደግሞ እሷ ናት እርስዎን የምታሰግድዎ።»

እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ የባሰ የፈራ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውነቴ ቀለል አለኝ፤ ክፋት እንዳይመስልብኝ አጎዛውን ማራገፍ ጀመርኩ።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?» አሉ ቄሱ።

«እዚህ ያለነው ብቻ» አለ ይርዳው።

«እኔም ሰምቻለሁ፣ አባ» አለች ታንጉት ከመጋረጃው ወዲያ።

ቄስ ደምሴ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ከዚያ ቀና ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአዳምና ከሔዋን ግን አልጀመሩም።

«ስሙኝ ልጆቼ። እንዲህ ያለ ነገር ታፍኖ የሚቀረው በዘመድ መካከል ነው። ዛሬ ባዕድ ሆነን ከዚህ ቤት ብንወጣ፣ በሳምንቱ ይፋግ ገበያ ላይ በቅኔ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ልጃችሁን ስጡን። እሺ በሉ፤ እምቢ ብትሉም ደግሜ እመጣለሁ።»

እኔ ባለፈው ሳምንት ሁሉ እሳቸው እምቢ ቢሉ እያልኩ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት። ይርዳው አየኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሰጥተናል፣ አባ» አለ። «ይቀመጡ።»

ቄስ ደምሴ እፎይ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ሣጥኗን ጭናቸው ላይ አድርገው። የካሳሁን አጎትም ተቀመጠ። አቶ ካሳው ግን ቆሟል።

«ተቀመጥ እንጂ» አሉት።

«አልቀመጥም። የእኔ ጉዳይ አልተፈጸመም።»

«የምን ጉዳይ?»

«የስግደቱ።»

«ሱረቱን ትተሃል?»

«እሱን አልጠየቅሁም። ስግደቱ ይቀራል አይቀርም?»

«ግማሹ ይቅርልህ።»

 «ለግማሽ ምሕረት ሰው በአንድ እግሩ ነው የሚቆም» ብሎ አቶ ካሳው አንዱን እግሩን አነሣ። ከመጋረጃው ወዲያ ታንጉት ሳቋ አመለጣት። ቄስ ደምሴም መጀመሪያ ጢማቸውን፣ ከዚያ ዓይናቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ቁርጥ ካሳሁንን ናቸው። «ሁሉም ይቅርልህ፣ ተቀመጥ» አሉት። ያን ጊዜ ወጡን ላመጣ ወደ ጓዳ ስገባ፣ ልጄ እጄን ይዛ የአጎዛ አቧራ የነካውን ጣቴን ሳመችኝ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ድንኳኑን ነፋስ ይነቅለዋል ብዬ ነበር፣ አልነቀለውም። ጠላው ይኮመጥጣል ብዬ ነበር፣ ሰው ተሻምቶ ጠጣው። ከሠርጉ በኋላ ዘመድ ለዘመድ ሲጠያየቅ እማማ ጌጤ ከባለቤታቸውና ከአቶ ካሳው ጋር ወደ እኛ ቤት መጡ። ቄስ ደምሴ ጋብቻው እንዴት በአንድ ቀን እሺ እንደተባለ ሲጠየቁ ሌላ መልስ አጥተው፣ «እነሱም ቤት አርሴማ አለች» ብለዋቸው ኖሯል። ስለዚህ ሌሎቹን ሦስቱን ደብቄ ሰማያዊዋን ብቻዋን፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌ፣ መደርደሪያው ላይ ትቻት ነበር።

እማማ ጌጤ እንደገቡ ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡ። እያለቀሱ ተሳለሟት። ልብሷ ከእኛዋ ልብስ ይልቅ ያምራል አሉ። ከዚያ ለብቻቸው መሳለሙ አልበቃቸውምና ሣጥኗን ይዘው ሁላችንንም ያሳልሙን ጀመር። አቶ ካሳው ከሁሉም በላይ ረዘም አድርጎ ሳማት። ቄስ ደምሴ ጣራውን እያዩ ሳሟት። እኔ ጋ ስትደርስ ልጄን ሰላም አድርጊልኝ ብዬ ከልቤ ለመንኩ፤ ልመናውን የሰማው ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ተራው ይርዳው ጋ ሲደርስ ግን ይርዳው የለም። ለእንግዶቹ ውሃ ላምጣ ብሎ ወደ ውጭ ወጥቷል። የውሃው እንስራ የቆመው ከበሩ አጠገብ፣ ቤት ውስጥ ነበር።